ይርዳው የገለበጠው ቀመር

የይርዳውን ሞት የሰማሁት ጎንደር፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነው። ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ድንገት መጣና ስልኬ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ጮኸ። የደወሉት ታላቅ እህቱ እትዬ አበሩ ናቸው። ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላሉኝም።

«ሰብለ፣ ወንድሜን አፈር አለበስኩት» አሉኝ።

ከተቀበረ ሰንብቶ ኖሯል። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ለቅሶ የደረሰውም ሰው ወደየቤቱ ተመልሷል። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን መንገዱ ነገ ይከፈታል እያልኩ የሱን መድኃኒት እህቴ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ቁጭ ብያለሁ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ ሳይሆን ንዴት ነው። «አንተ ግትር!» አልኩ ጮክ ብዬ። እህቴ ከኩሽና ብቅ ብላ ማንን እንደምሰድብ ጠየቀችኝ። ሙት ነው የምሰድበው ብዬ ልነግራት አፍሬ፣ እርጥቡን አንሶላ ፊቴ ላይ አደረግኩ። አሁንም ሲነሳብኝ እናደድበታለሁ። ስለሱ በሰከነ ልብ የምጽፍበትን ቀን ብጠብቅ የሚመጣ ስላልመሰለኝ ነው እንዲሁ የጀመርኩት።

ዳባት ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ነው ያስተማርነው። እሱ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ፣ እኔ ሳይንስ። ቤታችንም በአንድ አጥር የተያያዘ ነው። ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነበር። ዳስተር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሰሌዳውን የሚጠርገው በኮቱ እጅጌ ስለሆነ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ሁልጊዜ ነጭ ነው። እትዬ አበሩ ያንን ኮት ማጠብ ሰልችቷቸው አንድ ጊዜ እጅጌውን በመቀስ ቆርጠው ሊጥሉት ነበር።

ጥያቄ ስትጠይቁት ቀጥታ አይመልስም። «ደባርቅ ስንት ይርቃል?» ብትሉት፣ «በምን ልንገራችሁ? በኪሎ ሜትር ነው፣ በእግር ሰዓት ነው፣ ወይስ በዘንድሮው መንገድ?» ይላል። ሰው ለማሳቅ የሚያደርገው ይመስለው ነበር፤ እሱ ግን አይቀልድም። መለኪያው ያልተነገረ ቁጥር ያሳምመዋል። ተማሪ «አምስት» ብሎ ከመለሰ፣ «አምስት ምን? አምስት በግ? አምስት ቁና?» እያለ ያስጨንቀዋል። እኔ ደግሞ የጎረቤት ክፍል ሆኜ ያንን ጩኸት በግድግዳው በኩል ስሰማ ነው የኖርኩት።

አባቱ ወገራ ውስጥ የታወቁ ደብተራ ነበሩ። ይርዳው ፊደል ሳይጨርስ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ቆጥሯል። ቀመር መገልበጥን ለልጆቹ የሚያስጀምራቸውም ከዚያው ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው ሠላሳ ይሆናሉ፤ እንግዲህ አበቅቴውን የያዘ ሰው መጥቅዑን ለማግኘት ምን ያደርጋል? የቄስ ልጆች ከሠላሳ መቀነስ ነዋ ብለው ይስቃሉ። «ይኸው አልጀብራ ጀመራችሁ፤ ከእንግዲህ ፈራን ብትሉኝ አልሰማም» ይላቸዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ያ ነገር የገባኝ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄ ነው ያለፍኩት።

ሌላው ሥራው ግን መዘዝ አምጥቶበታል። የክፍሉን በር የእኩል ይሆናል ምልክት ያደርገዋል። ልጆቹ ቁጥሮች ናቸው፤ ገሚሶቹ ውስጥ፣ ገሚሶቹ ደጅ ይቆማሉ። ተደምሮ የነበረው በሩን ሲሻገር ተቀናሽ ስለሚሆን፣ መቀየሩ እንዲታይ ብሎ ሴቶቹን ነጠላቸውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገታቸው እንዲያደርጉት አዘዘ። ጥለት ወደ ላይ አድርጎ መልበስ በኛ አገር የሐዘን እንደሆነ እንዴት ጠፋው? አልጠፋውም። ሰው ያየናል ብሎ አላሰበም እንጂ።

የገበያ ቀን ነበር። ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት ጆንያዋን አዝላ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ስታልፍ፣ ልጇ ብርቄ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከክፍል ደጅ ቆማ አየቻት። ጆንያውን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠችና «ማነው? ንገሪኝ፣ ማነው የሞተብኝ?» ብላ ለቀቀችው። ዋይታዋን የሰሙ ገበያተኞች ደግፈው ይዘዋት አብረው ያለቅሱ ጀመር። ይርዳው ጠመኔውን እንደያዘ ወጣና፣

«እመቤቴ፣ ማንም አልሞተም! ብርቄ ሦስት ቁጥር ናት!» አለ።

ሴትየዋ ዕንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «ልጄን ሦስት ቁጥር ያላት ማነው? በስሟ ነው ያስመዘገብኳት!»

ያን ቀን ሳቅ ገደለን። ርእሰ መምህሩ ነጠላ መገልበጥ ከለከለ፤ ይርዳውም በኮፍያ ቀጠለ። ብርቄ ግን ከዚያ ወዲህ እሱ የሚሳሳላት ተማሪ ሆነች። በነገሩ ያላፈረችው እሷ ብቻ ናትና። እናቷ ስትጮህ እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ስትጠየቅ «ገና ወደ ውስጥ ተመለሺ አላሉኝም» ብላ መለሰች።

ይርዳው ከወጣትነቱ ጀምሮ የስኳር በሽተኛ ነበር። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። የኢንሱሊን መርፌ ሲጠፋ በተራ መርፌ ዩኒቱን ወደ ሚሊ ሊትር እየለወጠ ይወጋል፤ እጁ ተሳስቶ አያውቅም። መድኃኒቱን አንድ የሚያውቀው ሹፌር ከጎንደር በሚኒባስ ያመጣለታል። እትዬ አበሩ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ያኖሩለታል። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የሱ ሰው እኚህ እህቱና ስምንተኛ ክፍል ናቸው።

ያን ስምንተኛ ክፍል ማወቅ ያስፈልጋል። የፊተኛውን ዓመት በግጭቱ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ልጆቹ ሚኒስትሪ ሳይፈተኑ ቀሩ። ገሚሶቹ ሴቶች ተዳሩ፤ ወንዶቹ የሄዱበትን እኔም አላውቅም። በተከፈተ ጊዜ የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ሒሳብ የሚያስተምር ሌላ ሰው አልነበረም፤ የነበሩት ሁለቱ ወደ ባሕር ዳር ሄደዋል። ይርዳው በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ፊት ቆሞ ዘንድሮ ሳላስፈትናችሁ የትም አልሄድም አላቸው። ልጆች እንዲህ ያለ ቃል ይይዛሉ። እሱም ይዟል።

መንገዱ እንደገና የተዘጋው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከጎንደር የሚነሳው ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይመለሳል፤ ቀጥሎ እሱም ቀረ። ይርዳው ጋ የቀረው ሁለት ብልቃጥ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። ደስ ብሎታል። አንድ ነገር ሲፈታ እንዲህ ደስ ይለዋል።

«ሰብለ፣ ያለኝ መድኃኒት ይታወቃል፣ በቀን የምወስደውም ይታወቃል። ያለኝን በቀኑ ድርሻ ሳካፍለው ፈተናው ሳይደርስ ያልቃል።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«ገለበጥኩታ! ቀኑን አሰርኩት፣ እስከ ፈተናው ብዬ። ኤክስ የሆነው የቀን ድርሻው ነው። ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ያደርሰኛል።»

የሳይንስ መምህር ነኝ። ለነዚያው ልጆች ቆሽት ምን እንደሚሠራ በሥዕል ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ብልጭ አለብኝ።

«ሰውነትህ እኮ ኤክስ አይደለም! ሲያንሰው እሺ ብሎ አይጠብቅህም። ደምህ አሲድ ይሆናል። ትተኛለህ፣ አትነሳም!»

«እሺ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ሙሉውን ልውሰድ? ሲያልቅስ?»

«እስከዚያ መንገዱ ይከፈት ይሆናል።»

«መቼ? አየሽ፣ አንቺ ሁለቱንም የማይታወቅ ልታደርጊብኝ ነው። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅ፣ እኔ እስከ መቼ እንደምቆይ አይታወቅ። ሁለት የማይታወቅ ያለው አንድ ቀመር አይፈታም። አንዱን የግድ ማሰር አለብኝ።»

ቀመሩ ትክክል ነበር። ዛሬም ድረስ ያ ነው የሚያንገበግበኝ። ስሕተት ቢኖረው ይዤ እሟገተው፣ ሰሌዳው ላይ አወጣበትና አዋርደው ነበር። ስሕተት አጣሁበት። የጤና ጣቢያው ነርስም ከዚህ በታች እንዳትወርድ ብሎ መከረው፤ መድኃኒት ስጠኝና አልወርድም አለው። ነርሱ የሚሰጠው አልነበረውም።

መጀመሪያ ላይ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። ቀጥሎ ውኃ መጠጣት አበዛ። ቢጫ ጀሪካን ይዞ ክፍል ይገባና ከጠረጴዛው ሥር ያስቀምጣል፤ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጀሪካኑ ባዶ ይሆናል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀ። አጠገቡ ስቆም ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸተኝ ጀመር። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ፣ መጽሐፋችን ላይ ተጽፏል። እትዬ አበሩ ሽታውን የሆድ ሕመም ነው ብለው ፌጦ ያጠጡት ነበር። አልነገርኳቸውም አልልም፤ ነግሬያቸዋለሁ። «እንግዲያ ምን ልስጠው ልጄ?» አሉኝ። ፌጦውን እንዲተዉ ልነግራቸው አፌ አልታዘዘኝም።

ከዚያ ፈተናው ተራዘመ። ርእሰ መምህሩ ይህንን በሰልፍ ላይ ሲናገር ዓይኔ ይርዳው ላይ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ልጆቹ ሲያጉረመርሙ እሱ እያካፈለ ነው። ማታ በአጥሩ በኩል አዲሱን ድርሻ ነገረኝ። ቀኑ ጨምሯልና ድርሻው ወርዷል። ለመንኩት፤ አጥሩን ዞሬ ገብቼ እግሩን ያዝኩ። «ቀኑን ያራዘምኩት እኔ ነኝ?» ብሎ አነሳኝ።

በማግስቱ ድንች በጫነ አይሱዙ ደባርቅ ወጣሁ። ቤት ለቤት ስጠይቅ ውዬ፣ ባሏ በዚያው በሽታ የሞተባት አንዲት ሴት ያልተከፈተ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ለካ መጣል አቅቷት ሳጥኗ ውስጥ አኑራዋለች። እየሮጥኩ አመጣሁለት። እንደዚያን ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ለሁለት ቀን ሙሉ ድርሻውን ወስዶ ፊቱ ተመለሰ፤ ክፍል ውስጥ ድምፁ እንደ ድሮው በግድግዳው አልፎ መጣልኝ። «አምስት ምን?» ሲል ስሰማ ጠመኔዬን አስቀምጬ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ፈተናው እንደገና ተራዘመ። ይህኛው ቀን አልተቆረጠለትም፤ ወደፊት ይገለጻል ነው የተባለው። ይርዳው ያን ማታ በአጥሩ በኩል አልጠራኝም። ራሴ ሄድኩ። በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያለ ቁጥር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አሁን በምን ላካፍለው?» አለኝ።

«ተወው ይርዳው። ልጆቹ ይረዱሃል። ሙሉውን ውሰድና እኔ ጎንደር ወርጄ አመጣለሁ።»

«ምን ያህል ትቆያለሽ?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። በሳምንቱ እመለሳለሁ አልኩት፤ ያን ጊዜ እውነትም መስሎኝ ነው። እሱ ግን ሳምንቴን አላመነም። ራሱ አንድ ሩቅ ቀን መርጦ በዚያ አካፈለው፤ ይህንን እትዬ አበሩ ናቸው ኋላ የነገሩኝ።

ጠዋት ስሄድ በመስኮት አየሁት። ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያስተምር። ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ብርቄ ናት፤ እሱ በጣቱ ያሳያታል። እጄን አወዛወዝኩለት፤ እሱም ያንን ነጭ እጅጌ አነሳ። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግር ሄድኩ። ጎንደር መድኃኒቱን ያገኘሁት በደረስኩ በማግስቱ ነው። ወደ ኋላ ልመለስ ስል እግረኛም አያልፍም ተባለ። ኔትወርኩም ያን ጊዜ ጠፋ። የሆነው ይኸው ነው፤ ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

እትዬ አበሩ እንደነገሩኝ፣ አርብ ዕለት አስተምሮ ገባና ደከመኝ ብሎ ተኛ። ቅዳሜ ትንፋሹ እንደሮጠ ሰው ሆነ፤ ሲያናግሩት አይመልስም። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሱ ስኳር የሌለበትን ውኃ ሰቀለለት፣ የሚፈልገውን ኢንሱሊን ግን ከየት ያምጣው። እሑድ በቅዳሴ ሰዓት አረፈ። ኋላ ገንቦው ሲፈተሽ፣ በጥድፊያው ማንም ያላስታወሰው ከግማሽ ብልቃጥ የሚበልጥ መድኃኒት ተርፎ ተገኘ። ስለዚያ ስለተረፈው እትዬ አበሩ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ለመቼ ይሁነኝ ብሎ ነው ያኖረው?» ይሉኛል። ለነሐሴ ይሆናል፣ ለመስከረም ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ፈተናው ያን ዓመት አልተሰጠም። ከሚመጣው ዓመት ጋር ይሰጣል ተባለ።

ዳባት የተመለስኩት ክረምቱ ሲገባ ነው። መድኃኒቱን ለጤና ጣቢያው ሰጥቼ እትዬ አበሩ ዘንድ ተቀመጥኩ። የብርቄ እናት እኔን ልታጽናና ልጇን አስከትላ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ውስጥ ሲያወጉ ብርቄ ተከትላኝ ወደ ጓሮ ወጣች። ከስታለች። ዝናቡን እያየች፣

«ቲቸር፣ መምህር ይርዳው መጨረሻ የሰጡን ጥያቄ ስለ ኩራዝ ነበር» አለችኝ።

«የምን ኩራዝ?»

«አንድ ሰውዬ ነጭ ጋዝ አለው፤ መንገድ ስለተዘጋ ሌላ አያገኝም። እንግዳ ይመጣብኛል ብሎ ኩራዙ በየማታው እንዲበራ ይፈልጋል። የእንግዳው ቀን ግን እየራቀ ሄደ። በየማታው ስንት ስንት ያንድድ? ነው የሚለው።»

ይርዳው ቤቱን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ያወጣ እንደነበር አውቃለሁ፤ የጣሪያ ቆርቆሮውን፣ የውኃ በርሜሉን፣ የእህቱን ፈትል ሁሉ ልጆቹ ሠርተውለታል። ይህንንም ይጨምራል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

«እጄን አውጥቼ፣ ጋዙ በጣም ካነሰ እኮ ክሩ አይስበውም፣ ይጠፋል አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ጠመኔውን ወደኔ ዘረጉና፣ ልክ ነሽ፣ ጥያቄው ግን እሱን አልጠየቀም፤ ነይ ሥሪው አሉኝ። ቀመሩን ገልብጬ ሠራሁት። ወደ ሚሊ ሊትር ለውጪው አሉኝ፣ ለወጥኩት። መልሱ በጣም ትንሽ ነው፣ የአንድ ሚሊ ሊትር ቁራጭ። ልጆቹ እንዲህ ያለች ኩራዝ የት አለች ብለው ሳቁብኝ።»

ወደኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ኩራዙ እሳቸው ናቸው አይደል?»

«አይደሉም» አልኳት። «ስለ ኩራዝ ነው።»

አላመነችኝም። እኔም እንድታምነኝ የሚያደርግ ድምፅ አልነበረኝም። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ።

«እኔ ነኝ እኮ የሠራሁላቸው» አለች። «ልክ ነው ብለው አስጨበጨቡልኝ።»